የዘገየ ግብር

ባለቤቴ ከኮሶዬ ገብስ እየጫነ ጎንደር ገበያ ያወርድ በነበረበት ዘመን፣ ዱቄት ፋብሪካ ሊቋቋም ነው ተብሎ አክሲዮን ይሸጥ ጀመር። እሱም ጥማድ በሬውን ሸጦ ገዛ። ወንድሞቹ «በሬ ሰጥቶ ወረቀት ያመጣ» እያሉ እስኪሞት ድረስ ሳቁበት። ከሞተ በኋላ አክሲዮኑ በእኔ ስም ዞረ። በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ እሄዳለሁ። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ እሳትም ሆነ ጠብ ቢነሳ ለመውጣት ይመቸኛል። ሌላው ሰው እጁን ሲያወጣ እኔም አወጣለሁ። ምሳ በልቼ እመለሳለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ፤ ቁጥር ሲበዛ ግን ዓይኔ ይደናገራል።

ልጄ እዚሁ ጎንደር ከተማ የሒሳብ አያያዝ ተምራ በዚያው ፋብሪካ ተቀጠረች፤ እየቆየችም የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ሆነች። ሠላሳን አልፋለች፤ አላገባችም። በእኛ ሰፈር ይህ ብቻውን ለሰው መጫወቻ ይበቃል። ፊት ለፊት አይናገሩም፤ ሠርግ ሲጠሩን «ለእሷም ያድርስላት» ይሉና ዓይናቸውን ወደ እኔ ይመልሳሉ።

እኔ ከድሮም ስጉ ነኝ። በር ቆልፌ ጥቂት ሄጄ ተመልሼ እገፋዋለሁ። ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ የሚመጣብኝ መርዶ ነው። ልጄ ሥራ ስትገባም፣ በገንዘብ ክፍል የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ሳይታማ አይቀርም እያልኩ እሰጋ ነበር። እሷ ትስቅብኛለች። ገንዘቡን የሚነካው ገንዘብ ያዡ ነው፤ እኔ የምነካው ወረቀቱን ነው ትለኛለች።

ነገሩ በተነሳበት ዓመት፣ ባለአክሲዮኖቹ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ መቅረቡን አማርረው ስለነበር ቦርዱ በአማርኛ ይተርጎም አለ። የተረጎመችው ልጄ ናት። ከጉባኤው በፊት በነበረው ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ ምስር እየለቀምኩ እሷ ቆማ እያነበበች ተለማመደች። ድምፅሽ ከኋላ አይሰማም፣ አትሩጪ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አትጠጪ፣ ነጠላሽን ሳብ አድርጊው፣ ጫማሽ ድምፅ ያሰማል አልኳት። ትርፉን አነበበች፣ ዕዳውን አነበበች፤ ከዚያ ግብር የሚለው ማብራሪያ ላይ ደረሰች። የዘመኑ ግብር ይህን ያህል፣ የዘገየ ግብር ይህን ያህል። ሰማሁት። ጆሮዬን አልያዘውም። የምስሩን ጠጠር ወደ ጎን እያወጣሁ፣ ስለ ጫማዋ እንደገና ነገርኳት።

ጉባኤው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ከወጣን በኋላ ነበር። ፒያሳ አጠገብ ባለ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ ፊት ለፊት ቦርዱ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ተቀምጧል። የቦርዱ ሰብሳቢ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ ሰው ለመስማት ወደ እሱ ያዘነብላል። በዚያ ዓመት ትርፍ እንደማይከፋፈል፣ ለአዲስ መፍጫ ማሽን እንደሚውል አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ስለዚህ ሰው ገና ሲገባ ፊቱ ጥቁር ነው። አንዳንዱ ከአይከል፣ አንዳንዱ ከኮላ ድባ ተሳፍሮ የመጣ ነው፤ ባዶ እጁን ሊመለስ።

ከፊት መደዳ አንድ ሽማግሌ ይቀመጣሉ። የእህል ነጋዴ ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ትልቁም ትንሹም አያ ነው የሚላቸው። ባለቤቴ ገብሱን የሚያወርደው ለእሳቸው ነበር። ልጄን ክርስትና ስናነሳት በጉን የላኩልን እሳቸው ናቸው። በየጉባኤው አንድ ነገር ሳይናገሩ አይወጡም፤ ሰውም ሪፖርቱን የሚታገሰው እሳቸው እስኪናገሩ ነው። ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ ሲያደርጉ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሳቅ ይጀምራል።

ልጄ አነበበች። አልሮጠችም። ጫማዋም ድምፅ አላሰማም። ግብሩ ላይ ስትደርስ ከዘራው መሬቱን መታ።

«እስቲ ልጄ፣ ይኸ የዘገየ ግብር የምትይው ምንድን ነው? ማን አዘገየው?»

ልጄ ማስረዳት ጀመረች። በሒሳብ መዝገቡ የሚታየው ትርፍና ግብር ሰብሳቢው የሚያየው ትርፍ አንድ አይደለም፤ ማሽኑ የሚያረጅበት ስሌት በሁለቱ ዘንድ ይለያያል፤ በመካከል ጊዜያዊ ልዩነት አለ አለች። ቃሏ ሁሉ የትምህርት ቤት ነበር። እኔ ምንም አልገባኝም። ላቧ ግን ከበሩም ሆኜ ታየኝ።

«ጊዜያዊ ከሆነስ ሸጋ» አሉ አያ። «ግብሩ ዘገየ፤ ትርፋችን ዘገየ፤ አንቺም ዘገየሽ። ምነው ልጄ፣ በዚህ ቤት በጊዜው የሚደርስ ነገር የለም?»

አዳራሹ ተነቃነቀ። ከጎኔ የነበረችው ሴት ሳቋን በነጠላዋ ያዘች፤ ማን እንደሆንኩ ስታስታውስ ደግሞ እንደሳለች ሆነች። ልጄ ወረቀቱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እሷም ትንሽ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ያን ፈገግታ ባታሳያቸው እወድ ነበር። ሰው ሲሳቅበት አብሮ የሳቀ እንደሆነ፣ ፈቀደ ማለት ነው።

ሳቁ ሳይበርድ ከመሀል አንድ ሰው ተነሳ። እሱ አልሳቀም። ግብር አዘግይቶ ሱቁ እንደታሸገበት፣ ቅጣቱና ወለዱ ከግብሩ በላይ እንደሆነ ተናገረ። ይህ ፋብሪካ ግብሩን ካዘገየ ነገ በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ ያን ጊዜ ተጠያቂው ማን ነው አለ። ሌላው ተነስቶ፣ ለግብር የተመደበው ገንዘብ በሰዓቱ ካልተከፈለ የት ተቀመጠ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳለ መለየት አቃተኝ። አንዲት ሴት ትርፌን የበላችው እሷ ናት ስትል ግን ሰማሁ።

ልጄ ወደ ሰብሳቢው ዞረች። እሱ ነገሩን ያውቀዋል። ሒሳቡን የመረመረው ኦዲተር በሰብሳቢው ቢሮ ተቀምጦ፣ እሷም ባለችበት፣ ረፋዱን ሙሉ አስረድቶታል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ግብሩ በጊዜው ተከፍሏል ቢል ሰዉ ይቀመጥ ነበር። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ሁሉም ለመስማት ወደ እሱ አዘነበለ።

«ጉዳዩ ይጣራል» አለ።

ሰው አጨበጨበ። ልጄ የቀረውን ገጽ ሳታነብ ተቀመጠች፤ የቀረው ይነበብ ያለም አልነበረም። ሪፖርቱ በድምፅ ብልጫ ጸደቀና ምሳ ተጠራ።

ማክሰኞ ከሥራ የታገደችበት ደብዳቤ መጣ። ለማጣራት እንዲያመች ይላል። ቤት ዋለች። እኔ ሽንኩርት ልገዛ ስወርድ ጉሊት የምትቸረችረው ሴት «ዛሬስ ዘገየሽ» አለችኝ፤ አብራት ያለችው ፊቷን አዞረች። የዕድር ቀን ወደ ሴቶቹ ስጠጋ ወሬው ተቋረጠ። የሰፈሩ ልጆች ሳይቀሩ ቤታችንን የዘገየች ቤት አሉት። አሳዳጊያቸው ሳይነግራቸው ልጆች ይህን ከየት ያመጡታል?

በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ተይዞ ነበር። ደባርቅ የሚያስተምር፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ልጄን ፈልጎ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ሰጥቶ ነበር። እኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ከአፌ እንዳይወጣ ብዬ ስለት ሁሉ ተስዬ ነበር። ነገሩን ያገናኘችው ሴት መጣች። ወንበር ላይ ሳትደላደል የጋቢዋን ጫፍ እያፍተለተለች ተቀመጠች። ቤተሰቡ ልጅቱን አልጠላም፤ ሰውም መጥፎ ነገር አልነገራቸውም፤ ብቻ «ነገሩ ትንሽ ይዘግይ ብለዋል» አለችኝ። የምትለውን ቃል አላስተዋለችውም መሰለኝ። ልጄ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ሴትዮዋ ስትወጣ፣ «በይ እንግዲህ ይጣራል በያቸው» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ያስፈራ ነበር።

ሰው ይጠይቀኛል። ልጄ አልሰረቀችም እላለሁ፤ እና የዘገየው ምንድን ነው ይሉኛል፤ ዝም እላለሁ። ዝምታዬ እሷን እንደሚወነጅል ገባኝ። ስለዚህ አንድ ከሰዓት ሪፖርቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩና አስተምሪኝ አልኳት።

«ምን ሊረባሽ?»

ለሰው ልመልስ አልኳት።

ማስተማሩን አትችልበትም። አንድ ነገር ሁለተኛ ሲጠየቅ ይከፋታል። እዚያ ወረቀት ላይ ሁለት ትርፍ አለ አለች፤ አንዱ ለባለቤቶቹ የሚነገረው፣ ሌላው ግብር የሚከፈልበት። ለምን አንድ አይሆንም ስላት፣ ሕጉ እንዲህ ነው አለች። ከትርፉ መንግሥት ከመቶ ሠላሳ ይወስዳል፤ ግን ከየትኛው ትርፍ? ከራሱ ስሌት። ማሽን ሲያረጅ እርጅናው እንደ ወጪ ይቆጠራል። ፋብሪካው ማሽኑ ብዙ ዓመት ያገለግለኛል ብሎ እርጅናውን በየዓመቱ እኩል ያካፍለዋል። የግብር ሕጉ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዛ አድርገህ ቀንስ ብሎ ይፈቅዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሚከፈለው ግብር ያንሳል፤ ኋላ ላይ፣ የሚቀነስ እርጅና ሲያልቅ፣ ይበዛል። ያ ኋላ የሚመጣው ነው ዛሬ የዘገየ ግብር ተብሎ የሚጻፈው።

አልገባኝም። ደገመችልኝ። አልገባኝም። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምሽው ለዚህ ነዋ አለችኝ። ምሳ ሳንበላ ዋልን። በማግስቱም ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ከስንት ቀን በኋላ እንደሆነ አላስታውስም፣ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ የኮሶዬ እርሻ ትዝ አለኝ። ገብስ ሲደርስ ጎረቤት ወንፈል ይገባል። ዛሬ እነሱ የእኔን ያጭዳሉ፤ የእነሱ ሲደርስ እኔ ሄጄ አጭዳለሁ። እስከዚያ የሰው ጉልበት አለብኝ። የእነሱ እህል ገና አረንጓዴ ሳለ ግን ማንም መጥቶ ወንፈሌን አዘገየሽብኝ አይለኝም። ተራው አልደረሰማ።

እርጥቡን ልብስ ይዤ ገባሁና፣ ይኸማ ወንፈል ነው አልኳት።

ልጄ ልብሱን ከእጄ ተቀብላ ወንበር ላይ ዘረጋችው።

«ነው» አለች በመጨረሻ፤ ደስም አላላትም። «ወንፈል ብዬ ብጽፍ ግን ኦዲተሩ ይስቅብኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ንባቡ ትንሽ ቀለለኝ። በዚያው ገጽ ታችኛው ክፍል ላይ፣ ያን ቀን ያልተነበበው ቦታ፣ ግብር ሰብሳቢው የማይቀበለው ወጪ የሚል መስመር አየሁ። ይኸስ አልኳት። የቦርዱ መስተንግዶ ነው አለች፤ የሆቴል ምሳ፣ የእንግዳ ግብዣ። ፋብሪካው ወጪ ብሎ ይጽፈዋል፤ መንግሥት ግን ይህ ለሥራ አልዋለም ብሎ ወደ ትርፉ መልሶ ይደምርና ግብር ያስከፍልበታል። ካለፈው ዓመት ይበልጣል፤ ቁጥሩ ጎን ለጎን ተጽፏል።

«ይኸኛውስ ይመለሳል?»

«ይኸ አይዘገይ፣ አይመለስ። የተበላ ነው።»

የድሮ ሰው ግብር ገባሁ ሲል የጌታ ቤት ገብቶ በላሁ ማለቱ ነበር። ይህን ለልጄ ነገርኳት። አልሳቀችም። ያን ቀን አያ ባያስቁ፣ ቀጥሎ የሚነበበው ይህ መስመር እንደነበር ብቻ ነገረችኝ። ሰብሳቢው ይጣራል ሲል ድምፁ ለምን እንዳልተንቀጠቀጠ ያን ጊዜ ገባኝ።

ማጣራቱ ሳይውል ሳያድር አለቀ። ኦዲተሩ ለቦርዱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ግብሩ በጊዜው ተከፍሏል፣ ደረሰኙ ሙሉ ነው፣ የዘገየ የተባለው ያልተከፈለ ዕዳ አይደለም ይላል። ሰብሳቢው ልጄን ጠርቶ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ቀጥሎ፣ የባለአክሲዮኖች ስሜት ስለተነካ በፈቃድሽ ብትለቂ ጥሩ የምስክር ወረቀት እንጽፍልሻለን አላት። ደብዳቤው ለሰው ይነበብ ስትለው፣ በሚመጣው ጉባኤ፣ አስተያየት የሚሰጥ ካለና ጊዜ ከተገኘ አለ። አልለቅም ብላ ወጣች። ግን ጠረጴዛዋ ላይ ሌላ ሰው አስቀመጡ። እሷም እቤት ቁጭ ብላ የምትጠራበትን ቀን ስትጠብቅ፣ ወራት ሄዱ።

ደብዳቤው እንዲነበብ ከባለአክሲዮኖች አንዱ ተነስቶ መጠየቅ ነበረበት። እኔ ሰው ፊት ከቆምኩ ምላሴ ይታሰራል። ሰው የሚሰማው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ወደ አያ ሄድኩ።

ገበያው ዳር ባለው መጋዘናቸው በር ላይ፣ ጆንያ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እንደ ዘመድ ተቀበሉኝ፤ ሻይ አስመጡልኝ፤ ባለቤቴን አንስተው ነፍስ ይማር አሉ፤ የእሱ ገብስ አፈር የለበትም ነበር አሉ። እኔ የተለማመድኩትን ጀመርኩ። ወንፈሉን ነገርኳቸው፤ ያጨዱልኝን፣ ያልደረሰውን አዝመራ፣ ተራውን። ሳላቋርጥ ጨረስኩት። ስኳሩን እያማሰሉ ሰሙኝ።

«ገብቶኝ ነበር እኮ» አሉ።

መቼ ነው የገባዎት አያ አልኳቸው።

«ያን ዕለት። ልጅሽ ሸጋ አድርጋ ነው ያስረዳችው። እኔም ግብር ከፋይ ነኝ፣ ማሽን አለኝ፤ ይህ አይጠፋኝም። ሰው ሲስቅልሽ ግን ማን ያቋርጣል?»

ሲናገሩ አላፈሩም፤ ክፋትም በፊታቸው አልነበረም። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበሩ። ልጄ ሥራዋን እንዳጣች፣ ሽማግሌ እንደቀረባት፣ ከሰፈር እንደማትወጣ ነገርኳቸው። እግዜር ያውቃል፣ ይህን ሁሉ አልሰማሁም አሉ። በሚመጣው ጉባኤ ተነስተው ይናገሩልኝ፣ ደብዳቤው እንዲነበብ ይጠይቁልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«ወንፈል» አሉ፤ ቆይተው ደግሞ «ወንፈል» አሉ። የእህል ነጋዴ ስንዴውን ከመግዛቱ በፊት አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበር አድርጎ እንደሚያያት ዓይነት ነበር። «ሸጋ ነገር ነው ያመጣሽው። እናገራለሁ። የባልሽ አጥንት ይፋረደኝ፣ እናገራለሁ።»

ለልጄ ስነግራት አይናገሩም አለች። በዚያው ሰሞን ኮላ ድባ አንድ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ይፈልጋል ተብሎ ተነግሯት ነበር፤ ደመወዙ የድሮው ግማሽ አይሞላም። እሺ ብላለች፤ የምትጀምረው ከጉባኤው ማግስት ነው። ደብዳቤው ከተነበበ ግን አልሄድም አለችኝ። ይህን ያለችው ወደ ግድግዳው ዞራ ነው። አይናገሩም ያለችው ልጅ ውስጥ ውስጡን እንደምትጠብቅ ያን ጊዜ አወቅሁ፤ የእኔም ፍርሃት እጥፍ ሆነ።

ጉባኤው ደረሰ። ያው አዳራሽ፣ ያው ነጭ ጨርቅ። ልጄ አክሲዮን ስለሌላት አልመጣችም። አዲሱ የሒሳብ ኃላፊ ጎልማሳ ወንድ ነው፤ ከረባት አስሯል። ግብሩ ላይ ሲደርስ ቃሉ ተቀይሯል፤ ወደፊት የሚከፈል ግብር አለ። ማንም ምንም አላለም። ያው ግብር ነው፤ እንዲያውም ከዓምናው ከፍ ብሏል። በጣቴ ተከትዬ አይቼዋለሁ።

ከዘራው መታ። አያ ተነሱ። ሰው ለመሳቅ ተዘጋጀ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አንስተው አረጋጉት። ከዚያ ተናገሩ። እንዴት እንደተናገሩ ባልመሰክር ኃጢአት ነው። አዝመራውን አመጡት፣ አጫጆቹን አመጡት፣ በእርሻው መካከል የሚዞረውን ጠላ ሳይቀር አመጡት። ጎረቤትህ ገብሱ ገና አረንጓዴ ሳለ መጥቶ ወንፈሌን አዘገየህ ይልሃል ወይ? አይልህም። ለምን? ተራው አልደረሰማ! የእኔው ቃል ነበር፣ እንዳለ። ከአይከል የመጡት ገበሬዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ እህ አሉ። ሱቁ የታሸገበት ሰውዬ እንኳ፣ እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ አለ።

«ዓምና ይህን የሚነግረን ሰው አጥተን» አሉ አያ፣ «በከንቱ ተንጫጫን።»

ጭብጨባው ረዥም ነበር። እኔ ጠበቅሁ። አሁን ልጄን ያነሳሉ፣ አሁን ደብዳቤውን ያነሳሉ አልኩ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀመጡ።

ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን አስጠጋ። እንዲህ ያለ አስተዋይ አባት ከቦርዱ መጉደላቸው ቅር ሲያሰኘው እንደኖረ ተናገረ፤ አንድ ክፍት ቦታ አለ፣ ጉባኤው ቢፈቅድ አለ። ደጋፊው ከየአቅጣጫው ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ የሰማሁት ግማሹን ነው። በልቤ የምናገረውን እየደጋገምኩ ነበር፤ ይህን ያስረዳችን ልጄ ናት፣ ደብዳቤው ይነበብ። ምላሴ እንዳይታሰር ከንፈሬን አራስኩ። እጄን አወጣሁ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመናገር ብዬ።

ድምፅ ቆጣሪው በመደዳው መካከል እያለፈ መጣ። የአክሲዮን ካርዴን አየ፤ ቁጥሩን ጻፈ።

«ተቆጥሯል እናቴ፣ እጅዎን ያውርዱ።»

ለመናገር ነው አልኩት። አሁን ድምፅ እየተሰጠ ነው፣ አስተያየት በኋላ ነው አለኝና አለፈ። ዙሪያዬን ሳይ የሁሉም እጅ ወጥቷል። የእኔ ብቻ የተለየ እጅ አልነበረም። በኋላ የተባለው አስተያየት አልመጣም፤ ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ተባለ።

ምሳው ላይ አያ ሰሃናቸውን ይዘው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆሙ። ሰዉ እጃቸውን እየጨበጠ እንኳን ደስ ያለዎት ይላቸዋል።

«ሰማሽኝ?» አሉኝ ዝቅ ብለው። «ቃሌን ጠበቅሁ።»

ጠበቁ አያ አልኳቸው።

ቤት ስደርስ ልጄ አልጋው ላይ ቦርሳዋን ከፍታ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ፊቴን አይታ አልጠየቀችኝም። ሪፖርቱን ከእጄ ተቀብላ ቆማ አነበበችው። የተቀየረውን ቃል አየች፤ ይሻላል አለች። ታች ወረደች፤ የማይቀበለው ወጪ የሚለው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«አድጓል። የጠየቀ ሰው አለ?»

የለም አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንፈሉን፣ ጭብጨባውን፣ እጄን። እጄ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጠች።

«እሳቸው ተናገሩልሽ፤ አንቺ እጅ አወጣሽላቸው» አለች። «ወንፈል ተመላለሳችሁ እኮ፣ እማ።»

ወደ ልብሷ ተመለሰች። ኮላ ድባ ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ አጎበር ያዢ አልኳት። አጎበሩን ከሳጥን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩና ብርሃን ላይ ዘርግቼ፣ ቀዳዳ ይኖረው እንደሆነ ዓይን በዓይኑ አየሁት።